የአንባቢያን ጥያቄ፦ መድኃኒት የተላመዱ ባክቴሪያዎችን የማጥናት ሙያ

ለዚህ እትም ከደሴና ከኮምቦልቻ የደረሱን ጥያቄዎች በአንድ ጉዳይ ላይ የሚያጠነጥኑ ናቸው፤ ይኸውም ፀረ-ባክቴሪያ መድኃኒቶችን የተላመዱ ባክቴሪያዎችና እነርሱን የማጥናት ሙያ ነው። መልሱን የሰጡን በደሴ የሚሠሩ የሕክምና ማይክሮባዮሎጂ ባለሙያ ናቸው።

ጥያቄ፦ በደሴ የሕክምና ላቦራቶሪ ሳይንስ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ወደፊት መድኃኒት በተላመዱ ባክቴሪያዎች ላይ ምርምር እያደረግሁ መኖር እፈልጋለሁ። ቀድመውኝ የተመረቁ ልጆች ግን «የዘረመል ማንበቢያ ማሽን በሌለበት ከተማ ተመራማሪ መሆን አይቻልም፤ ወይ አዲስ አበባ ግባ፣ ወይ ውጭ አገር ሂድ» ይሉኛል። እውነት ነው? ሥራውስ ከቀን ወደ ቀን ምን ይመስላል?
(የላቦራቶሪ ተማሪ፣ ከደሴ)

መልስ፦ የጓደኞችዎ አባባል ከፊል እውነት አለው። ዘረመል መመርመር የማይችል ላቦራቶሪ አንድ ባክቴሪያ መድኃኒቱን የሚያከሽፍበትን ዘረመል ለይቶ ስሙን ሊጠራ አይችልም። ይሁን እንጂ የዚህን ሙያ አካሄድ የለወጡት ግኝቶች ከየት እንደተነሡ ብንመለከት፣ ብዙዎቹ የተጀመሩት የዕለት ተዕለት ምርመራን በትኩረት ይሠሩ ከነበሩ ሰዎች እጅ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በጃፓን ከተቅማጥ ሕሙማን የተገኘ ሺጌላ ሲመረመር፣ አንዱ ባክቴሪያ በአንድ ጊዜ ሰልፋን፣ ስትሬፕቶማይሲንን፣ ቴትራሳይክሊንንና ክሎራምፌኒኮልን ተቋቁሞ ይገኝ ጀመር። አራት ልዩ ልዩ የዘረመል ለውጦች በአንድ ባክቴሪያ ላይ እንዲሁ በአጋጣሚ ተገጣጠሙ ብሎ ማመን ያስቸገራቸው ተመራማሪዎች፣ መድኃኒቶቹን የሚቋቋመውንና የማይቋቋመውን ባክቴሪያ በአንድ ብልቃጥ ውስጥ አብረው አሳደጉ፤ የማይቋቋመው የነበረውም ከባልንጀራው ተቀብሎ አራቱንም መቋቋም እንደሚችል ታየ። በ1959 ይፋ የሆነው ይህ ሥራ፣ የመላመድ ዘረመል ዛሬ ፕላዝሚድ በምንለው ትንሽ የዘረመል ቀለበት ላይ ተጭኖ ከአንድ የባክቴሪያ ዝርያ ወደ ሌላው እንደሚሻገር ያስተማረን ነው። ያስፈለገው ብልቃጥ፣ ሚዲያ (ባክቴሪያ የሚያድግበት ምግብ) እና «ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ?» ብሎ የጠየቀ ሰው ነበር። ኮሊስቲን የተባለውን መድኃኒት ኃይል የሚሰብረው ኤምሲአር-1 የተባለው ዘረመልም በ2015 ይፋ የሆነው፣ በቻይና በእንስሳት ላይ በሚካሄድ ተከታታይ ቅኝት ከአሳማ የተገኘ ኢ. ኮላይ የተባለ የአንጀት ባክቴሪያ እንግዳ ጠባይ ስላሳየ ነው። የዘረመል ንባቡ የመጣው ባክቴሪያው ከተገኘና ከተያዘ በኋላ ነው።

ስለዚህ ሥራው ምን እንደሚመስል ልንገርዎ። ሽንት፣ መግል ወይም ደም ከሕመምተኛ ይመጣል፤ ማኮንኪና የደም አጋር በተባሉ የባክቴሪያ ማሳደጊያዎች ላይ ተዘርቶ ኢንኩቤተር ውስጥ ያድራል። በማግስቱ ከበቀሉት ኮሎኒዎች ውስጥ የተጠረጠረው ተለይቶ፣ በግራም ቀለምና በባዮኬሚካል ምርመራ ማንነቱ ይረጋገጣል። ከዚያ በጨው ውኃ ተበጥብጦ ድፍርስነቱ 0.5 ማክፋርላንድ ከሚባለው መለኪያ ጋር ሲመጣጠን፣ በሙለር-ሂንተን አጋር ላይ በጥጥ ስዋብ ተቀብቶ የመድኃኒት ዲስኮች ይቀመጡበታል። ከ16 እስከ 18 ሰዓት ካደረ በኋላ፣ በየዲስኩ ዙሪያ ባክቴሪያ ያልበቀለበት ክብ በሚሊሜትር ይለካል። ኪርቢ-ባወር የሚባለው ይህ ዘዴ በ1966 ከታተመ ወዲህ እስከ ዛሬ የብዙ ሆስፒታሎች መተዳደሪያ ነው።

ሲነገር ቀላል ይመስላል። ችግሩ ያለው ዘዴው እያንዳንዱን ስንፍና የሚመዘግብ መሆኑ ላይ ነው። አጋሩ 4 ሚሊሜትር መሆን ሲገባው ወፍሮ ከፈሰሰ ክቡ ይጠብባል፣ መድኃኒቱ የሚገድለው ባክቴሪያም የተላመደ መስሎ ይመዘገባል፤ ከሳሳ ደግሞ ክቡ ይሰፋና የተላመደው ያልተላመደ ይመስላል። ብጥብጡ ከመጠን በላይ ቢወፍር እንደዚሁ ክቡ ይጠብባል። በዚህ ምክንያት ጠባዩ አስቀድሞ የታወቀ መቆጣጠሪያ ባክቴሪያ አብሮ ይሠራል፤ ለምሳሌ ኤቲሲሲ 25922 የተባለው ኢ. ኮላይ ባለ 10 ማይክሮግራም የጄንታማይሲን ዲስክ ሲቀመጥበት፣ ክቡ ከ19 እስከ 26 ሚሊሜትር ውስጥ መውደቅ አለበት። ከዚህ ከወጣ የዚያ ቀን የሕሙማን ውጤት ሁሉ አይወጣም። የመመረቂያ ጽሑፍ ስገመግም ቀድሜ የምገልጠው የመቆጣጠሪያውን ሰንጠረዥ ነው፤ እርሱ ከሌለ የቀረውን ማንበብ አላስፈላጊ ድካም ይመስለኛል።

በደሴ መሥራት የራሱ ጠባይ አለው፤ ይህንንም ከውጭ የመጣ መጽሐፍ አይነግርዎትም። የአውቶክሌቭ (በእንፋሎት ግፊት የሚያመክን መሣሪያ) መመሪያ ሚዲያ በ15 ፒኤስአይ ግፊት 121 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ እንደሚመክን ይጽፋል፤ ይህ ግን ለባሕር ዳርቻ ላቦራቶሪ የተጻፈ ነው። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ የውጭው አየር ግፊት ዝቅ ያለ ነው፤ የግፊት መለኪያው መርፌ የሚያሳየው ደግሞ ከውጭው አየር በላይ ያለውን ግፊት ብቻ ነው። በመሆኑም በጦሳ ተራራ ሥር ባለ ላቦራቶሪ መርፌው 15 ላይ ሲደርስ ውስጡ ያለው ሙቀት ከ116 እስከ 117 ዲግሪ ገደማ ነው፤ 121 ለመድረስ መርፌው 19 አካባቢ መድረስ ይኖርበታል። ሙቀቱን ራሱ የሚለካ አውቶክሌቭ ካለ ችግሩ ይቃለላል፤ ከሌለ ደግሞ በሙቀት የማይረታውን የጂኦባሲለስ ስቴሮተርሞፊለስ ስፖር የያዘ መፈተሻ አብሮ እያስገቡ መክኖ እንደሆነ ማረጋገጥ ያስፈልጋል። የደም አጋርም የሚሠራው በ5 በመቶ የበግ ደም ነው፤ ይህን በተመለከተ ወሎ አይታማም። ነገር ግን በጉ በቅርብ ጊዜ ፀረ-ባክቴሪያ መድኃኒት የተወጋ መሆን የለበትም፤ ጊዜው ያለፈበትን የደም ባንክ ደም በምትኩ መጠቀምም አይመከርም፤ በውስጡ መድኃኒትና ፀረ እንግዳ አካል ሊኖር ስለሚችል የአንዳንዱን ባክቴሪያ እድገት ያግዳል።

ከምርመራው በላይ የተመራማሪውን ሙያ ከቴክኒሻኑ የሚለየው በመጨረሻ የሚወጣውን ቁጥር መጠርጠሩ ነው። አንድ ሆስፒታል በዓመቱ ማብቂያ «ከኢ. ኮላይ ውስጥ ይህን ያህሉ ሴፍትሪያክሶንን ተላምዷል» ሲል፣ ቁጥሩ የተሰላው ከማን ናሙና ነው? በእኛ አካባቢ ካልቸር (ባክቴሪያውን አሳድጎ የመለየት ምርመራ) የሚታዘዘው ብዙውን ጊዜ ሕመምተኛው አንድ ሁለት ዓይነት መድኃኒት ወስዶ ሳይሻለው ሲቀር ነው፤ በመጀመሪያው መድኃኒት የዳነው ሰው ናሙና ወደ ላቦራቶሪ አይመጣም። ስለዚህ ቁጥሩ የሆስፒታሉን አስቸጋሪ ሕሙማን እንጂ የከተማውን ሕዝብ አያሳይም። ዓመታዊ ሠንጠረዥ ሲዘጋጅ ከአንድ ሰው የመጀመሪያው ባክቴሪያ ብቻ እንዲቆጠርና ከ30 ባነሱ ባክቴሪያዎች ላይ መቶኛ እንዳይሰላ የሚያዘው ዓለም አቀፍ መመሪያም ለዚሁ ነው። ሳምንቱን ሙሉ በአልጋ ላይ ያለ አንድ ሰው አራት ጊዜ ቢመረመርና አራቱም ቢቆጠሩ፣ አንድ ሰው የአራት ሰው ድምፅ ሰጠ ማለት ነው።

እንግዲህ የእኔ ሐሳብ ይህ ነው፦ ደሴ ውስጥ ሊሠራ የሚችለውና ሌላ ሰው በምንም ማሽን ሊተካው የማይችለው ምርምር፣ ለዓመታት ሳይቋረጥ በተመሳሳይ ጥንቃቄ የተለካ መዝገብና በግሊሰሮል ተጠብቆ በ80 ዲግሪ ከዜሮ በታች የተቀመጠ የባክቴሪያ ክምችት ነው። ዘረመል ማንበቢያው ነገም ይገዛል፤ ወይም ባክቴሪያው በሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድና በጽሑፍ ስምምነት ወደ ሌላ ተቋም ተልኮ ይነበባል። ያልተቀመጠው የዛሬው ባክቴሪያ ግን ነገ አይገኝም። መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ ማቀዝቀዣውን ሳይቀልጥ ማቆየት ራሱ የምርምሩ አካል ስለሆነ፣ ለጄኔሬተር ነዳጅ መከራከርንም ከወዲሁ ይልመዱ።

የትምህርቱን ነገር ባጭሩ፦ ከመጀመሪያ ዲግሪዎ በኋላ በሕክምና ማይክሮባዮሎጂ ሁለተኛ ዲግሪ በተለምዶ ሁለት ዓመት፣ ሦስተኛ ዲግሪ ደግሞ አራት ዓመትና ከዚያ በላይ ይወስዳል፤ አዲስ አበባና ጎንደር ዩኒቨርሲቲዎች በዚህ ዘርፍ ነባር ናቸው። በመካከሉ ሁለት ሦስት ዓመት በሆስፒታል የባክቴሪዮሎጂ ክፍል ተቀጥሮ መሥራትን እንደ ጊዜ ማባከን የሚያዩ አሉ፤ እኔ ከማንኛውም ኮርስ አስበልጠዋለሁ። አሁን ካሉበት ሳይወጡ ስታቲስቲክስ በሚገባ ይማሩ፤ እ.ኤ.አ. ከ1989 ጀምሮ በነፃ የሚታደለውን ሁኔት (WHONET) የተባለ የላቦራቶሪ መረጃ ሶፍትዌርም ኮምፒዩተርዎ ላይ ጭነው ይለማመዱበት። ደመወዙ አያበለጽግም።

ጥያቄ፦ በኮምቦልቻ መድኃኒት ቤት አለኝ። ደንበኞቼ «ሰውነቴ አሞክሳሲሊንን ለምዶታል፣ ጠንከር ያለውን ስጠኝ» ይሉኛል። የሚላመደው ሰውነት ሳይሆን ባክቴሪያው መሆኑን ተምሬያለሁ። ግን ባክቴሪያው የሚለወጠው መድኃኒቱን ካገኘ በኋላ ነው ወይስ ቀድሞውንም የተለወጠ ነበር? ተመራማሪዎችስ ይህን በምን አወቁ?
(ፋርማሲስት፣ ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ በሙያው ታሪክ ውስጥ እጅግ ከምወዳቸው ጥያቄዎች አንዱን ነው ያነሡት። ሳልቫዶር ሉሪያና ማክስ ዴልብሩክ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1943፣ ባክቴሪያ ቫይረስን የሚቋቋመው ቫይረሱን ከማግኘቱ በፊት በአጋጣሚ በተፈጠረ ለውጥ መሆኑን በስሌት አሳይተው ነበር። ጆሹዋ ሌደርበርግና ባለቤቱ ኤስተር ደግሞ በ1952 ጉዳዩን በዓይን በሚታይ መንገድ አቀረቡት። መድኃኒት በሌለበት ሳህን ላይ ባክቴሪያ አሳደጉ፤ ከዚያ ንጹሕ የከፋይ ጨርቅ በላዩ ተጭነው፣ ጨርቁ ላይ የተጣበቁትን ባክቴሪያዎች ስትሬፕቶማይሲን ባለባቸው ሳህኖች ላይ እንደ ማኅተም አሳረፉት። በመድኃኒቱ ሳህኖች ላይ የበቀሉት ጥቂቶች በየሳህኑ ሁሉ አንድ ቦታ ላይ ነበሩ። ከዚያም ወደ መጀመሪያው ሳህን ተመልሰው ከዚያው ቦታ፣ መድኃኒት ፈጽሞ አይቶ ከማያውቀው ክምችት ባክቴሪያ እየወሰዱ ሲሠሩ መድኃኒቱን የሚቋቋመውን አገኙት። ለውጡ ቀድሞ ነበረ፤ መድኃኒቱ ሌሎቹን ገድሎ ቦታውን ለቀቀለት።

ከዚህም የሚልቅ ዕድሜ ያለው ማስረጃ አለ። ፔኒሲሊን ለሕዝብ ከመዳረሱ በፊት፣ በ1940 ኤድዋርድ አብርሃምና ኧርንስት ቼይን ፔኒሲሊንን የሚያፈርስ ኢንዛይም ከባክቴሪያ አግኝተዋል። በ2011 ደግሞ በካናዳ ለ30,000 ዓመት በረዶ ሆኖ በኖረ አፈር ውስጥ የመላመድ ዘረመሎች መገኘታቸው ተዘግቧል። ባክቴሪያና ሻጋታ እርስ በርሳቸው ሲዋጉ የኖሩ በመሆናቸው ይህ ሊያስደንቅ አይገባም።

«ታዲያ ድሮም ከነበረ የእኔ መደርደሪያ ምን አጠፋ?» ይሉኝ ይሆናል። ያጠፋው ብርቅ የነበረውን ብዙ ማድረጉ ላይ ነው። ለጉሮሮ ተብሎ የተዋጠ አሞክሳሲሊን የሚደርሰው ጉሮሮ ላይ ብቻ አይደለም፤ አንጀት ውስጥ ያሉትን እልፍ አእላፍ ባክቴሪያዎችም ያገኛል። ከእነርሱ መካከል የተላመዱት ይተርፋሉ፤ ምቹ ሁኔታ ካገኙ በ20 ደቂቃ አንዴ እጥፍ እየሆኑ ይራባሉ፤ ፕላዝሚዳቸውንም ለጎረቤት ያካፍላሉ። ጉንፋንና አብዛኛው የጉሮሮ ሕመም በቫይረስ የሚመጣ ስለሆነ ደንበኛው ከመድኃኒቱ ምንም ሳይጠቀም የአንጀቱ ባክቴሪያ ብቻ ተጣርቶ ይቀራል። ከወራት በኋላ ያው ኢ. ኮላይ ወደ ሽንት ቧንቧ ቢገባ፣ ያለ ማዘዣ የተሸጠው የዚያን ቀን ስትሪፕ ዋጋው ያኔ ይታወቃል።

ፔኒሲሊንን ያገኘው አሌክሳንደር ፍሌሚንግ በ1945 የኖቤል ሽልማቱን ሲቀበል ባደረገው ንግግር፣ ፔኒሲሊን ማንም ሰው ከሱቅ የሚገዛው ዕቃ የሚሆንበት ቀን ሊመጣ እንደሚችልና፣ ያኔም የማያውቅ ሰው ከሚገባው በታች እየወሰደ ባክቴሪያዎቹን ሊያላምድ እንደሚችል አስጠንቅቋል። ግማሽ ስትሪፕ ቆርጦ መሸጥ እርሱ የፈራው ነገር ነው። «ጠንከር ያለውን» ለሚሉዎት ደንበኞች ደግሞ፣ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ፀረ-ባክቴሪያ መድኃኒቶችን በቅድሚያ የሚታዘዙ፣ በጥንቃቄ የሚታዘዙና ለመጨረሻ የሚቆዩ ብሎ በሦስት እንደመደባቸው ቢነግሯቸው ጥሩ ነው። አሞክሳሲሊን ከመጀመሪያው፣ ሲፕሮፍሎክሳሲንና ሴፍትሪያክሶን ከሁለተኛው ምድብ ናቸው። ምድቡ የተከፋፈለው ባክቴሪያን የማላመድ ዕድላቸውን ጭምር አይቶ እንጂ በጉልበት ብቻ አይደለም፤ ለአንዳንድ ኢንፌክሽን «ደካማ» የሚባለው ፔኒሲሊን ዛሬም አንደኛ ነው።

ጥያቄ፦ ልጄ በባክቴሪያ ላቦራቶሪ ተቀጥራለች። እቤት ሁለት ሕፃናት የልጅ ልጆች አሉኝ። መድኃኒት የማይገድለውን ነገር ይዛ ትመጣብን ይሆን?
(እናት፣ ከደሴ)

መልስ፦ እናቴ፣ ስጋትዎ ተገቢ ነው፤ ሥርዓቱን ከጠበቀች ግን አደጋው እጅግ አነስተኛ ነው። ጋወኗ ላቦራቶሪ ይቅር እንጂ ለእጥበት እንኳ ወደ ቤት አይምጣ፤ ስልኳን የሥራ ጠረጴዛ ላይ አታስቀምጥ፤ ከመውጣቷ በፊት እጇን በሳሙና ትታጠብ፤ እዚያ ውስጥ ምግብም ቡናም አይቀመስ። የሳንባ ነቀርሳ ካልቸር የተለየ የአየር ቁጥጥር ባለው ክፍል ብቻ ስለሚሠራ፣ ክፍሏ ያን የሚሠራ እንደሆነ ይጠይቋት። በነገራችን ላይ መድኃኒት የተላመደ ባክቴሪያም ቢሆን ለሳሙና፣ ለበረኪናና ለአልኮል እንደ ሌላው ሁሉ ነው።

ጥያቄ፦ ዳማከሴ፣ ጤና አዳምና ነጭ ሽንኩርት ባክቴሪያ እንደሚገድሉ በየዩኒቨርሲቲው ጥናት ይወጣል። ለምን መድኃኒት ሆነው አይወጡም?
(የባህል መድኃኒት አዋቂ፣ ከደሴ)

መልስ፦ እነዚያ ጥናቶች በአብዛኛው የሚያሳዩት፣ ተወቅጦና በአልኮል ተነክሮ የወጣ ጭማቂ በሳህን ላይ ባክቴሪያ እንዳይበቅል ማድረጉን ነው። ሳህን ላይ ኮምጣጤም በረኪናም እንዲሁ ያደርጋሉ። ወደ መድኃኒት የሚያደርሰው ቀጣዩ ጥያቄ ነው፦ የሚሠራው ውህድ የትኛው ነው? ስንት ማይክሮግራም በሚሊሊትር ያስፈልጋል? ያ መጠን በደም ውስጥ ሊገኝ ይችላልን? የሰውን ሴል ሳይጎዳ? አብዛኛው የመመረቂያ ጽሑፍ እዚህ ከመድረሱ በፊት ተማሪው ይመረቃል፣ ቀጣዩም ተማሪ በሌላ ቅጠል ከዜሮ ይጀምራል። ይህ አካሄድ መቆም አለበት ባይ ነኝ። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በአድዋ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች በወንዙ ውስጥ የቢልሃርዝያ አስተላላፊ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ሲያዩ እዚያው አላቆሙም፤ ከባልደረቦቻቸው ጋር ለዓመታት በመጠኑ፣ በደኅንነቱና በውህዱ ላይ ሠርተዋል። የእርስዎ ዕውቀት የሚጠቅመው እንዲህ ላለ ረጅም ሥራ መነሻ ሲሆን ነው፤ እስከዚያው ግን ትኩሳት ያለበትን ሕፃን በቅጠል እያቆዩ ሐኪም ቤት እንዳያስዘገዩብን አደራ።

ጥያቄ፦ በኮምቦልቻ ዳርቻ ከቦርከና ውኃ እየሳብኩ ሰላጣና ጎመን አለማለሁ። ወንዙ ከደሴ ጀምሮ የከተማ ፍሳሽ እንደሚቀላቀለው አውቃለሁ። መድኃኒት የተላመደ ባክቴሪያ በውኃ ይመጣልን? ተመራማሪዎችስ ወንዝ ያጠናሉ?
(አትክልት አምራች፣ ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ ይመጣል፤ ያጠናሉም። በአንጀት ውስጥ የተላመደ ኢ. ኮላይ ያለው ሰው ወይም እንስሳ በሰገራው ያስወጣዋል፤ የሽንት ቤትና የቄራ ፍሳሽ ሳይጣራ ወንዝ ሲገባ እርሱም አብሮ ይገባል። ከፋብሪካ የሚወጣ እንደ መዳብና ዚንክ ያለ ብረትም ነገሩን ያወሳስበዋል፤ ብረት የሚቋቋምበት ዘረመልና መድኃኒት የሚቋቋምበት ዘረመል አንዳንዴ በአንድ ፕላዝሚድ ላይ ስለሚገኙ፣ መድኃኒት ባይኖርም እንኳ ብረቱ የተላመደውን ይጠቅመዋል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 ያወጣው የቅኝት ዘዴ፣ ሰፊ የቤታ-ላክታሜዝ ኢንዛይም (እንደ ፔኒሲሊንና ሴፍትሪያክሶን ያሉ መድኃኒቶችን የሚያፈርስ) የሚያመርተውን ኢ. ኮላይ ብቻ መርጦ በሰው፣ በምግብ እንስሳትና በአካባቢ ውኃ በአንድ ጊዜ እንዲከታተሉት ይመክራል። ለኮምቦልቻ የተሠራ ነው ቢባል አያጣላም፤ ሆስፒታል፣ ቄራ፣ ፋብሪካና መስኖ በጥቂት ኪሎ ሜትር ውስጥ የሚገናኙበት ከተማ ነውና። የሚያስፈልገውም ሴፎታክሲም የተባለው መድኃኒት የተጨመረበት ሚዲያ፣ ንጹሕ ጠርሙስ፣ የበረዶ ሳጥንና ከከተማው በላይና በታች፣ በበጋና በክረምት ሳይታክቱ ናሙና መቅዳት ነው። የመጀመሪያውን ጥያቄ ያቀረቡት ተማሪ ርእስ ሲያጡ እርስዎን ፈልገው ቢያገኙ ደስ ይለኛል።

ለእርስዎ የሚበጀው ይህ ነው። ጥሬ የሚበላውን ሰላጣ በጉድጓድ ወይም በዝናብ ውኃ ለማልማት ይሞክሩ፤ የወንዙን ውኃ ተበስሎ ለሚበላው ጎመን ይተዉት። ምርጫ ከሌለዎት ውኃውን ከቅጠሉ ላይ ከመርጨት ይልቅ በቦይ ወደ ሥሩ ይልቀቁ፣ ከመቁረጥዎ በፊትም ለጥቂት ቀናት ማጠጣቱን ያቁሙ። መድኃኒት የተላመደ ባክቴሪያ ከሌላው የበለጠ ሙቀት አይችልም፤ በኮምቦልቻ ከፍታ ውኃ የሚፈላው 94 ዲግሪ ገደማ ላይ ቢሆንም፣ በደንብ የፈላ ጎመን ውስጥ ኢ. ኮላይ አይተርፍም። ውኃውን ሲስቡ የነካ እጅዎን በሳሙና ሳይታጠቡ ግን እንጀራ አይቁረሱ።